«ተቃውሞ የለንም»

በመሥሪያ ቤት አማርኛ «ተቃውሞ የለንም» የምትባል ሐረግ አለች። ኃላፊው ለመፍቀድ ሥልጣኑን ሲጠራጠር፣ ለመከልከልም ምክንያት ሲያጣ የሚጽፋት ናት። ነገሩ ከሠመረ «ያኔም ደግፈን ነበር» ለማለት ታገለግላለች፤ ከከሸፈ ደግሞ «መቼ ፈቀድን?» ለማለት ትመቻለች። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በትርጉም ሥራው ይህችን ሐረግ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ እንግሊዝኛ ሲያመላልሳት የኖረ በመሆኑ፣ የፈሪዎች መሸሸጊያ አድርጎ ይቆጥራት ነበር። ሐሳቡን ያስለወጠው አንድ የኬንያ ታሪክ ነው።

በፌብሩዋሪ 2007 (እዚህ የተጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ሳፋሪኮም ለተባለው የስልክ ኩባንያ የጻፈው ደብዳቤ ፍሬ ነገሩ ይኸው ነበር፤ በስልክ ገንዘብ የማስተላለፉን ሥራ ቢጀምር ባንኩ ተቃውሞ የለውም። ፈቃድ አልነበረም። ፈቃድ የሚሰጥበት ሕግም አልነበረም። ማርች 6 ቀን አገልግሎቱ ኤም-ፔሳ በሚል ስም ለሕዝብ ተከፈተ። «ፔሳ» በስዋሂሊ ገንዘብ ማለት ሲሆን፣ በሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች አፍ ተሳፍሮ ከሕንዱ «ፓይሳ» የመጣ ቃል ነው፤ «ኤም» ሞባይልን ታመለክታለች።

ከዚያ በፊት የነበረውን ጊዜ ማስታወስ ያሻል። በ2006 በኬንያ የተደረገ አገር አቀፍ ጥናት፣ የባንክ ሒሳብ ያለው አዋቂ ከአምስት ሰው አንዱ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይቶ ነበር። ናይሮቢ የሚሠራ ልጅ ኪሱሙ ላለች እናቱ ገንዘብ ሲልክ ፖስታ ቤት ተሰልፎ ነው፤ ያም ካልሆነ ጥሬ ገንዘቡን አሽጎ ለአውቶቡስ ሾፌር፣ ወይም ወደ ትውልድ መንደሩ ለሚጓዝ ወዳጅ ይሰጣል። ይህን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ወደ ክፍለ ሀገር የሚወጣው አውቶቡስም ከጭነቱ ጋር የሰው አደራ ይዞ ነበር የሚሄደው።

ባንኮች በበኩላቸው የራሳቸው የክፍያ ሥርዓት ነበራቸው፤ ዓለም አቀፍ ደንብ የወጣለት፣ የካርዱ መጠንና የማሽኑ ቋንቋ ሳይቀር የተወሰነለት ሥርዓት። ችግሩ ደንቡ ሁሉ ሲጻፍ ከፋዩ የባንክ ሒሳብ አለው፣ ሻጩም ማሽን የሚገዛበት አቅም አለው ተብሎ መነሣቱ ነው። በሙምያስ ገበያ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት በዚህ ስሌት ውስጥ የለችም።

ሐሳቡ የተጠነሰሰው ናይሮቢ ሳይሆን እንግሊዝ አገር፣ ቮዳፎን ከተባለው ኩባንያ ዘንድ ነው። ኒክ ሂውዝ የተባሉ የኩባንያው ሰው ከብሪታንያ መንግሥት የልማት መሥሪያ ቤት የድጋፍ ገንዘብ አገኙ፤ ኩባንያውም የበኩሉን ጨመረ። ሥራውን መሬት ላይ እንዲያወርዱ በ2005 ወደ ኬንያ የተላኩት ሱዚ ሎኒ ነበሩ። የመጀመሪያው ዓላማ ጠባብ ነበር፤ ፋውሉ ከተባለ የአነስተኛ ብድር ተቋም የተበደሩ ሰዎች ብድራቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ለማድረግ ብቻ። በኦክቶበር 2005 በናይሮቢና በቲካ ወደ 500 በሚጠጉ ደንበኞች ሙከራው ተጀመረ።

ተበዳሪዎቹ ግን የታዘዙትን ብቻ አላደረጉም። አንዱ ለሌላው ይልክ ጀመር። መንገደኛው ቲካ ላይ ገንዘቡን ለወኪል አስረክቦ፣ ኪሱን ባዶ አድርጎ ተጉዞ፣ ናይሮቢ ሲደርስ ያወጣል። ነጋዴው ባንክ ከተዘጋ በኋላ የዕለት ሽያጩን ሌሊቱን በስልኩ ያሳድራል። የብድር ተቋሙ የሒሳብ መዝገብ ከአዲሱ ሥርዓት ጋር አልገጥም እያለ ሠራተኞቹን ሲያደክም፣ ደንበኞቹ ነገሩን ለሌላ ጉዳይ ወስደውት ነበር። ንድፍ አውጪዎቹ ይህን አይተው የብድሩን ነገር ወደ ጎን መተዋቸው፣ በእኔ ግምት፣ ከቴክኒኩ ሁሉ የሚበልጥ ጥበብ ነው። አገልግሎቱ ለሕዝብ ሲወጣ መፈክሩ «ገንዘብ ወደ ቤት ላክ» የሚል ሆነ።

ቴክኒኩም ቢሆን ለድሃ ስልክ የተቀመረ ነበር። በጊዜው የሕዝቡ ስልክ አዲስ ፕሮግራም የማይጫንበት ስለነበር፣ የአገልግሎቱ ዝርዝር በሲም ካርዱ ላይ ተቀረጸ፤ ደንበኛው የምስጢር ቁጥሩን ሲያስገባ ትእዛዙ ተመስጥሮ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይሄዳል፤ ላኪውም ተቀባዩም ወዲያው ማረጋገጫ ይደርሳቸዋል። መዝገቡ ራሱ የሚገኘው ግን ባሕር ማዶ ነበር። እስከ ኤፕሪል 2015 ድረስ፣ በአንድ የናይሮቢ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ሱቆች ሲከፋፈሉ ሒሳቡ የሚወራረደው አውሮፓ፣ በኋለኛው ጊዜ ጀርመን ውስጥ ባሉ ኮምፒዩተሮች ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። እናቲቱ ገና ያላወጣችው ገንዘብ ያን ሌሊት የማን ነው?

የኬንያ የባንክ ሕግ «የባንክ ሥራ» የሚለውን ሲተረጉም ሁለት ነገሮችን አያይዞ ነው፤ ከሕዝብ ተቀማጭ መቀበልን፣ ከዚያም የተቀበሉትን ገንዘብ በራስ ኃላፊነት ማበደርን ወይም ሥራ ላይ ማዋልን። የስልክ ኩባንያው ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰቡ አይካድም። ስለዚህ ባንክ አይደለሁም ለማለት ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ገንዘቡን አለመንካት። የሥርዓቱ ምሰሶ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ወኪል የሚሆነው ባለሱቅ በቅድሚያ የራሱን ጥሬ ገንዘብ ባንክ ያስገባና በዚያው ልክ በስልኩ ላይ የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ይቀበላል። ደንበኛ 1,000 ሽልንግ ሲሰጠው ከራሱ የስልክ ሒሳብ 1,000 ያስተላልፍለታል፤ ጥሬው የወኪሉ ይሆናል። በዚህም ወኪሉ የደንበኛ ገንዘብ ይዞ የሚያድርበት ሰዓት የለም፤ ሸሽቶ ቢጠፋ የሚጠፋው በራሱ ገንዘብ ነው። በስልኮቹ ሁሉ ያለው ድምር ደግሞ በመጀመሪያ በአንድ ንግድ ባንክ ከተከፈተው ሒሳብ ጋር ሳንቲም ሳይጎድል እኩል መሆን አለበት።

ያ ሒሳብ በሳፋሪኮም ስም አይደለም። ለዚሁ ሲባል የተቋቋመ ሌላ ድርጅት ለደንበኞቹ የያዘው ነው። የእንግሊዝ ሕግ እንዲህ ያለውን አያያዝ የሚጠራበትን ቃል ብዙ ተርጓሚዎች «የእምነት ሒሳብ» እያሉ ያልፉታል። እኔ «የአደራ ሒሳብ» እላለሁ። እምነት በልብ ያለ ነገር ነው፤ አደራ ግን ተቀባዩ የእጁን እንጂ የራሱን ያልያዘበት ግዴታ ነው፣ የበላውም ሰው «አደራ በላ» ተብሎ ይነቀፋል። ኩባንያው ቢከስር አበዳሪዎቹ ይህን ገንዘብ ሊካፈሉት አይችሉም። ሒሳቡ የሚያስገኘው ወለድ ለኩባንያው ትርፍ አይሆንም፤ ለበጎ አድራጎት ይውላል። ለደንበኛውም አይከፈልም፤ ወለድ ቢከፈል ተቀማጭ መሰብሰብ ይመስላልና። ድሃው ደንበኛ በዚህ ተጎድቷል የሚል ክርክር ይነሣል፣ ሐሰትም አይደለም። ሥርዓቱ ከሕግ ያመለጠበት ዋጋ ይህ ነው። ባንኩ ራሱ ቢወድቅስ የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያ በቂ መልስ አልነበረውም፤ በኋላ ገንዘቡ በተለያዩ ባንኮች ተከፋፍሎ እንዲቀመጥ ተደርጓል።

እንግዲህ ማዕከላዊ ባንኩ ያችን ደብዳቤ የጻፈው ዓይኑን ጨፍኖ አልነበረም። የክፍያ ሥርዓቶችን የማስፋፋትና የመቆጣጠር ኃላፊነት በራሱ ማቋቋሚያ ሕግ ተሰጥቶታል፤ ዝርዝር ሕግ ግን ገና አልወጣም። የአደራውን አያያዝ አጠና፣ የቴክኒኩ ደኅንነት በነጻ ባለሙያዎች እንዲመረመር አደረገ፣ በአንድ ጊዜ የሚላከው ከ35,000 ሽልንግ፣ በአንድ ሰው ስልክ የሚቀመጠውም ከ50,000 ሽልንግ እንዳይበልጥ ጣሪያ ተበጀለት። ከዚህ በኋላ ነው «ተቃውሞ የለንም» የተባለው። ሕጉ እስኪወጣ ይጠበቅ ቢባል ኖሮ ዓመታት ባለፉ ነበር፤ የአገሪቱ የክፍያ ሥርዓት ሕግ የወጣው በ2011፣ ማስፈጸሚያ ደንቡም በ2014 ነውና።

ፈተናው ቶሎ መጣ። የዲሴምበር 2007 ምርጫን ተከትሎ ኬንያ ስትታመስ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ሱቆችና ባንኮች ሥራ አቁመው ሳለ በየሰፈሩ ታግተው የቀሩ ሰዎች ገንዘብና የስልክ ሒሳብ ከዘመድ የሚደርሳቸው በዚሁ መንገድ ነበር። አገልግሎቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሚሊዮን በላይ ደንበኛ ያፈራ ሲሆን፣ ባንኮችም ያኔ ነቁ።

በዲሴምበር 2008 የገንዘብ ሚኒስቴሩን በተጠባባቂነት ይመሩ የነበሩት ጆን ሚቹኪ ማዕከላዊ ባንኩ ኤም-ፔሳን እንዲመረምር አዘዙ፤ የነገሩ መጨረሻ እንደሚያሳስባቸውም በአደባባይ ተናገሩ። ከጀርባ ያሉት ትልልቆቹ ባንኮች ናቸው ተብሎ በሰፊው ተወራ። ይሁንና ሥጋቱን ሁሉ ቅናት ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። እጥፍ አድርገን እንመልሳለን እያሉ ገንዘብ የሚሰበስቡ ድርጅቶች ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ፈርሰው የብዙ ኬንያውያንን ጥሪት ይዘው ጠፍተው ነበር። ፈቃድ የሌለው ድርጅት የሚሊዮኖችን ገንዘብ ሲይዝ ዝም ያለ ሹም ነገ ምን ብሎ ይመልሳል?

ምርመራው ተካሄደ፤ በ2009 መጀመሪያ ውጤቱ ይፋ ሲሆን አገልግሎቱ አስተማማኝ ነው፣ የባንክ ሥራም አይደለም ተባለ። ኩባንያው ለመከላከያ አዲስ ነገር መፍጠር አላስፈለገውም። ገንዘቡ የት ነው ሲባል ሒሳቡን አሳየ፤ ማን አበደረው ሲባል ማንም አላበደረውም አለ። ቀድሞ ሲነደፍ የተመለሰ ጥያቄ ነበርና፣ ሙግቱ አዳሪ ሳይሆን ቀረ።

ያው ሥርዓት በሌላ አገር ሌላ ዕጣ ገጥሞታል። በደቡብ አፍሪካ ከአንድ ባንክ ጋር ተጣምሮ በ2010 ቢጀመርም፣ ሕጉ ባንክን ማዕከል ያደረገ፣ ሕዝቡም አብዛኛው ቀድሞ የባንክ ሒሳብ ያለው በመሆኑ ሥር ሳይሰድ በ2016 ተዘጋ። በአገራችን ደግሞ የብሔራዊ ባንክ የ2012 መመሪያ በሞባይል ገንዘብ የማንቀሳቀሱን ሥራ ለፋይናንስ ተቋማት ብቻ የተወ ነበር። ባንክ ላልሆኑ ድርጅቶች በሩ የተከፈተው በ2020 መመሪያ ነው፤ ቴሌብር በሜይ 2021፣ ኤም-ፔሳም በኦገስት 2023 ሥራ ጀመሩ። በኬንያ በደብዳቤ የተጀመረው ወደ እኛ የመጣው በመመሪያ፣ በአንቀጽና በንዑስ አንቀጽ ተቆጥሮ ነው፤ ከአንቀጾቹም መካከል የደንበኞች ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ባንክ ውስጥ ተለይቶ ይቀመጥ የሚለው ይገኝበታል። ለአሥራ ሦስት ዓመት መዘግየታችን ጥንቃቄ ነው ወይስ ፍርሃት ለሚለው የእኔ መልስ ወደ ሁለተኛው ያደላል።

በናይሮቢ የምንኖር ግን ከዚህ ሁሉ ጥበቃ አንድ ቀዳዳ እናውቃለን። የአደራ ሒሳቡ የሚጠብቀው ስሙ የተመዘገበውን ሰው ነው፤ ለመመዝገብም መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ወይም የውጭ ዜጋ ካርድ ያስፈልጋል። ሕገ ወጥ ገንዘብን ለመከላከል የወጣው ደንብ ተገቢ ነው፤ ወረቀቱ ሳይደርሰው ዓመታት የጠበቀ ስደተኛ ግን በሌላ ሰው ስም በወጣ ቁጥር ይጠቀማል፤ በሕግ ዓይን ገንዘቡ የእርሱ አይደለም።

ኢስትሊ የሚኖር አንድ ወዳጄ፣ ወሎዬ ልብስ ሰፊ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የተጠቀመው በኬንያዊ ጎረቤቱ ስም በወጣ ቁጥር ነበር። ጎረቤትየው ሥራ አግኝቶ ሞምባሳ ከገባ በኋላ የወዳጄ ስልክ ማታቱ ውስጥ ተሰረቀ። በውስጡ የሁለት ወር የቤት ኪራይ አለ። ሲሙን ለመተካት የባለስሙ መታወቂያ ግድ ነው፤ መታወቂያው ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ሞምባሳ ነው። ወዳጄ በሰው ስልክ ደወለ። ጎረቤትየው በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍሮ ጠዋት ናይሮቢ ደረሰ፤ ቁጥሩን አስተክቶ፣ ወኪሉ ፊት ቆሞ ገንዘቡን አወጣና በሁለት እጁ አስረከበው። የመሳፈሪያውን ሒሳብ ቢለምነው አልቀበልም አለ፤ ሻይ ብቻ ጠጥቶ በዚያው ቀን ተመለሰ።