ወናፍ ለሞተር፤ የደጋ አየርና የአውቶሞቢል ጉልበት ታሪክ



ብረት ቀጥቃጭ ከሰል በመቆለል ብቻ ብረት እንደማያለሰልስ ሁላችን እናውቃለን። ወናፍ የሚነፋ ልጅ ከአጠገቡ ያስቀምጣል፤ ወናፉ በተነፋ መጠን ፍሙ ይቀላል፤ ብረቱም ለመዶሻው ይታዘዛል። የአውቶሞቢል ሞተርም ነገሩ እንደዚሁ ነው። ብዙ ሰው የሞተር ምግብ ቤንዚን ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ እንዲነድ ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ያስፈልገዋል። ሞተሩ በራሱ ከሚስበው በላይ አየር በግድ እንዲጎርስ የሚያደርገውን መሣሪያ ፈረንጆች ሱፐርቻርጀር ብለውታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ የሞተር ወናፍ እንለዋለን። በቺንጋ ወይም በጥርስ ከሞተሩ ጉልበት ተቀብሎ ሳይሆን በጢሱ ኃይል ሲዞር ደግሞ ቱርቦ ይባላል።

ይህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሌላው ሕዝብ ይልቅ የሚያገባን ስለ አገራችን ከፍታ ነው። በባሕር ጠረፍ ያለውን የአየር ግፊት 100 ብንለው፣ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በሐዋሳ ከተማችን 81 ያህል፣ በአዲስ አበባ 75 ያህል ብቻ ይገኛል። ስለዚህ በጅቡቲ ወደብ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ሲደርስ ሩቡን ያህል በመንገድ ጥሎ መጣ ማለት ነው፤ ባለቤቱ ግን ቀረጥ የከፈለው ለመቶው ነው! በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ፣ በ2,240 ሜትር ከፍታ፣ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ሲያሸንፍ የቆላ አገር ሯጮች ትንፋሽ እንዳጠራቸው ተነግሯል። ሞተር ሁሉ የቆላ ሰው ነው፤ በደጋ ቢኖርም አይለምድም።

አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ቤዴ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊና አርኖልድ ሆልትስ የተባለው ጀርመናዊ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ መኪና ለዳግማዊ ምኒልክ አመጡ። መንገድ ባልነበረበት ዘመን ይህን ሁሉ ዳገት መውጣታቸው የሚያስደንቅ ነው። ወናፍ ግን አልነበራቸውም።

ወናፉ ራሱ ከአውቶሞቢል ይቀድማል። በአሜሪካ ኢንዲያና የሚኖሩ ሩትስ የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1860 የባለቤትነት መብት ያወጡበት መሣሪያ፣ እርስ በርሳቸው ሳይነካኩ የሚሽከረከሩ ሁለት ክንፎች ያሉት፣ ለብረት ማቅለጫ እሳት አየር የሚነፋ እውነተኛ ወናፍ ነበር። ጀርመናዊው ጎትሊብ ዳይምለር እ.ኤ.አ. በ1885 አየርን በፓምፕ ወደ ሞተር የማስገባትን አሳብ አስመዘገበ።

ይህ አሳብ ለደጋ ምን እንደሚጠቅም በግልጽ ያሳየው ግን አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ሊበርቲ የተባለውን የአይሮፕላን ሞተር በካሚዮን አስጭኖ በኮሎራዶ ወዳለው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ አወጣው። ከፍታው 4,300 ሜትር ያህል፣ ከራስ ዳሸን ጥቂት የሚያንስ ነው። በጠረፍ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በተራራው ጫፍ 230 ብቻ ሰጠ፤ ቱርቦ ሲደረግለት 356 ሆነ። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። ሞስ ለሞተሩ አዲስ ጉልበት አልጨመረለትም፤ ተራራው የወሰደበትን መለሰለት እንጂ። መመለስና መጨመር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በእኛም አገር ወናፍ ያለው ሞተር በዘወትር ሥራ ቀድሞ የታየው ከመንገድ ይልቅ በሰማይ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው በሲ 47 አይሮፕላን ነበር። እያንዳንዳቸው 1,200 የፈረስ ጉልበት ያላቸው የዚህ አይሮፕላን ሁለት ሞተሮች በጥርስ የሚዞር ወናፍ ነበራቸው። አብራሪው ግን በቆላ ሲነሣ ነዳጁን እንደ ልቡ መክፈት አይፈቀድለትም፤ ወደ ሞተሩ የሚገባውን የአየር ግፊት በመለኪያ እያየ ከተወሰነው እንዳያልፍ ይጠብቃል። ወፍራሙ አየር በወናፉ ተባዝቶ ሲሊንደሩን እንዳይሰብረው ነው።

ወደ አውቶሞቢል እንመለስ። የመርሴዲስ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1921 በበርሊን ወናፍ ያላቸውን መኪናዎች ለሕዝብ አሳየ። ወናፉ የሚሠራው ነጂው የነዳጁን ፔዳል እስከ ወለሉ ሲረግጥ ብቻ፣ ለጥቂት ጊዜ ነበር። ሞተሩ ዘወትር እንደማይችለው ሠሪዎቹ ያውቁ ነበርና።

በእንግሊዝ አገር ስለዚሁ ነገር ክርክር ተነሣ። ሞተር ሠሪው ደብልዩ ኦ ቤንትሌይ (ለምኒልክ መኪና ያመጣው ቤንትሌይ ሌላ ሰው ነው) ጉልበት ከተፈለገ ሞተሩን ማተለቅ እንጂ ወናፍ መግጠም የሞተሩን ጠባይ ያበላሻል ይል ነበር። እሽቅድምድም ነጂው ቲም ቢርኪን ግን 4.4 ሊትር ያህል በሆነው ሞተር ላይ ወናፍ አስገጠመ። 110 የነበረው የፈረስ ጉልበት በመንገድ መኪናው 175፣ በእሽቅድምድም መኪናው 240 ሆነ። ለዚህም ሲባል ክራንክሻፍቱና ፒስቶኖቹ መጠናከር ነበረባቸው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1930 በሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ወናፍ ያላቸው ቤንትሌዮች ተበላሽተው ሲቀሩ፣ አሸናፊው ያለ ወናፍ የተሠራው ትልቁ ቤንትሌይ ሆነ። እኛ በዚህ ክርክር ፈረዳችን ለቤንትሌይ ነው፤ ነገር ግን ሰውየው በ2,000 ሜትር ከፍታ ቢኖር ኖሮ አሳቡን ይለውጥ ነበር ብለን እንጠረጥራለን።

እንግዲህ ተራ የመንገድ ሞተር ወናፍ እንዲችል ምን ይደረግለታል? በጋራዥ ቋንቋ እንናገር፤ እርሱም ቴስታታው፣ ካንዴላው፣ ፍሪሲዮኑ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። አየር በግድ ሲታመቅ ይግላል። በፒስቶኑ ደግሞ ዳግመኛ ሲታመቅ ቤንዚኑ የካንዴላውን እሳት ሳይጠብቅ በራሱ ይፈነዳል፤ ይህም ማንኳኳት የሚባለው ነው፤ ፒስቶንን የሚበሳው እርሱ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የሞተሩ የራሱ እመቃ ይቀነሳል፤ 10 እጥፍ የሚያምቅ የነበረው ወደ 8 ወይም 8.5 ይወርዳል። በቅርጽ ፈስሶ በተሠራው ፒስቶን ፈንታ ተቀጥቅጦ የተሠራ ይገባል፤ ቢዬላውም እንደዚሁ። ፋሻው በሙቀት ሲረዝም ጫፍና ጫፉ እንዳይጋጠም አፉ ሰፋ ተደርጎ ይሞረዳል። የቴስታታው ጓርኒሲዮንና ብሎኖች ይጠነክራሉ። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዝ ራዲያተር ይጨመራል፤ ቤንዚኑ በአየሩ ልክ ይበዛል፤ የካንዴላው እሳት ጥቂት ዘግየት ይላል። ፍሪሲዮኑን የረሳ ሰው በመጀመሪያው ዳገት ያስታውሰዋል።

ይህን ሁሉ ፋብሪካም ያደርገዋል። በአገራችን መንገድ የምናያቸው የላንድ ክሩዘር ናፍጣ ሞተሮች ጥሩ ምስክር ናቸው። 1ኤች ዜድ የተባለው ያለ ቱርቦ፣ 1ኤች ዲ ቲ የተባለው ከቱርቦ ጋር የተሠሩ ናቸው። የሁለቱም ስፋት አንድ ነው፤ 4,164 ሲሲ። ነገር ግን የመጀመሪያው 22.4 እጥፍ ሲያምቅ ሁለተኛው 18.6 እጥፍ ያምቃል፤ ናፍጣው የሚረጭበትም ስፍራ ተለውጧል። ቶዮታ ቱርቦውን በቀድሞው ሞተር ላይ ለጥፎ ብቻ አልሸጠም።

ከደጋችን የተነሣ ሌላ ሒሳብ አለ። በአዲስ አበባ የጠረፉን አየር ለመመለስ ሩብ አትሞስፌር ብቻ መጨመር ይበቃል፤ ይህን ያህል ደህና ሞተር ብዙ ሳይቀየር ይሸከመዋል ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ወጥመድ አለበት። በቺንጋ የሚዞር ወናፍ ያገኘውን አየር ያባዛል እንጂ የት እንዳለ አያውቅም። በአዲስ አበባ 0.75ን ወደ 1 የሚያደርስ ወናፍ በሐዋሳ 1.08፣ በጅቡቲ ደግሞ 1.33 ያጎርሳል። የቆላውም ሙቀት በዚያ ላይ ይጨመራል። በእንጦጦ ዳገት ተሞክሮ የተመሰገነው መኪና በአዋሽ በረሃ ጓርኒሲዮኑን የሚያቃጥለው፣ ተሳፋሪውንም ከነልጆቹ በፀሐይ የሚያስቀረው ስለዚህ ነው። ስለዚህ ሞተሩ መሠራት ያለበት ነጂው ለሚኖርበት ከፍታ ሳይሆን፣ ለሚወርድበት ዝቅተኛ ስፍራ ነው። የእኛም ከተማ መኪና ጧት ከ2,500 ሜትር በላይ ወደ ሆነው ወደ ሐገረ ሰላም ቢወጣ፣ በማግሥቱ ወደ አርባ ምንጭ ሊወርድ ይችላል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ በኤሌክትሪክ የሚሄዱትን ፈቀደ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይጎርስም፤ ስለዚህ ዳገት ቢወጣ አየሩ ሳሳ ብሎ ጉልበቱ አይቀንስበትም፤ ወናፍም አይሻም። ቀድመው የገቡት ግን አሁንም በመንገዳችን ላይ ናቸው፤ ቴስታታቸውም በየጋራዡ ገና ብዙ ጊዜ ይከፈታል።