አቡጊዳ ከሳነቴ ግርጌ

የጎባን ብርድ የማያውቅ ሰው የኔታ ለምን ፀሐይ እየተከተሉ መቀመጫ እንደሚቀይሩ አይገባውም። ከሳነቴ አምባ የሚወርደው ነፋስ እስከ ረፋድ ጣት ያደነዝዛል። እኛም ጋቢ ተከናንበን፣ ፀሐይ ቀድማ በምትደርስበት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥር እንደ ጫጩት ተጠጋግተን እንቀመጥ ነበር። ፊደል የሚነካው በስንደዶ ጫፍ ነው። ጣት ወረቀቱን ያቆሽሻል፣ ፊደሉንም ይሸፍናል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጎባ ላይ ካደግነው ልጆች ብዙዎቻችን፣ አስኳላ ከመግባታችን በፊት ወይም በክረምት ዕረፍት፣ በዚህ ግድግዳ ሥር አልፈናል።

ይህን ያስታወሰችኝ አሜሪካ የምትኖር የእኅቴ ልጅ ናት። ልጇን «ክላሲካል ክርስቲያናዊ» በሚባል ትምህርት ቤት አስገብታዋለች። የ10 ዓመቱ ልጅ ላቲን ይማራል፣ በቃሉ ያጠናል፣ መጽሐፍ ቅዱስ በየቀኑ ያነባል። የሐሳቡ ምንጭ እንግሊዛዊቷ ደራሲ ዶሮቲ ሴየርስ በ1947 (እ.ኤ.አ.) ኦክስፎርድ ላይ ያሰማችው ንግግር ነው። ልጅ እስከ 11 ዓመት ገደማ መሸምደድ ስለሚወድ ሰዋስውና ቃል ይጫንበት፤ ክርክሩና አንደበተ ርቱዕነቱ በኋላ ይደርሳል ትላለች። በዚህ መንገድ የተነሡት የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው አርዓያ ያደረጉት ሎጎስ የተባለውን፣ አይዳሆ ውስጥ በ1981 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተውን ነው። ስሰማ ሳቄ መጣ። የኔታ ይህን ሁሉ ያደርጉ የነበረው ንግግር የሚያሰማላቸው ሳይኖር ነው።

የንባብ ቤቱ ሥርዓት እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ሀሁ፦ 26ቱ የግዕዝ ፊደላት በ7 በ7 ሲዘረዘሩ 182 ይሆናሉ። ቀጥሎ አቡጊዳ። አቡጊዳ ተንኮለኛ ናት። ረድፉን በዜማ የሸመደደ ልጅ ፊደል አወቅሁ ብሎ ሲኮራ፣ አቡጊዳ ረድፉን በሰያፍ ትሰብርበትና ማን ፊደሉን እንዳወቀ፣ ማን ዜማውን ብቻ እንደያዘ ታጋልጣለች። ከዚያ ሐዋርያ፣ ማለትም የዮሐንስ የመጀመሪያው መልእክት፤ ከዚያ ወንጌለ ዮሐንስ፤ መጨረሻ ላይ ዳዊት። የመልእክቱ ንባብ የሚጀምረው በቁጥር ነው። እያንዳንዱን ፊደል ነጥሎ መጥራት ማለት ነው። ቀጥሎ ግዕዝ፣ እየተጎተተ በዜማ፤ ቀጥሎ ውርድ ንባብ፤ በስተመጨረሻ ቁም ንባብ፣ እንደ ወራጅ ውኃ።

እኔ የኔታን እስከ ዛሬ የማደንቃቸው በጆሯቸው ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጭራቸውን እያወዛወዙ፣ አሥር ልጆች በአንድ ጊዜ አሥር የተለያየ ገጽ ሲያነቡ፣ ከመካከላችን አንዱ ተነሽ የሚነበበውን ቃል ወዳቂ ካደረገው ያን ልጅ በስሙ ይጠሩታል። ሌሎቹን የንባብ ዓይነቶች፣ ሰያፉንና ተጣዩንም እንዲሁ። ቤቱ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ይህ ጆሮ ይመስለኛል። ማንም በቤቱ የማይናገረውን ቋንቋ ልጅ በትክክል እንዲያነብ ማድረግ ቀላል አይደለም። አርጩሜው ግን እውነት ነው፤ ጉልበቴ ዛሬም ያስታውሰዋል።

ይህ ትምህርት ጎባ ወዳለችበት ባሌ የደረሰው ከጦር ጋር ነው። ባሌ በዓፄ ዓምደ ጽዮን (1314–1344 እ.ኤ.አ.) ዘመን ለክርስቲያኑ መንግሥት ከሚገብሩት አንዷ ነበረች፤ ከግራኝ አህመድ ጦርነትና ከኦሮሞ መስፋፋት በኋላ ግን ያ ግንኙነት ለረጅም ዘመን ተቆርጦ ቆይቷል። የሸዋው የራስ ዳርጌ ጦር አርሲን በ1886 (እ.ኤ.አ.) ካሸነፈ በኋላ ተራው የባሌ ሆነ። ጎባ የነፍጠኛ ከተማ ሆና ተቆረቆረች፤ ወታደሩ ሲሰፍር ቄሱ፣ ቄሱ ሲሰፍር የኔታ ተከተሉ። የኔታ የበሉት እህል የገባር ላብ እንደነበረ ሳይነሣ የሚተረክ ታሪክ ጎዶሎ ነው። በ1952 ዓ.ም. ባሌ ከሐረርጌ ተለይታ ጠቅላይ ግዛት ስትባል ጎባ ዋና ከተማዋ ሆነች፤ ዛሬ የባሌ ዞን የሚተዳደረው 14 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ሮቤ ነው።

በዚያው ብርድ ውስጥ ሌላም ትምህርት ቤት ነበር። ደረሶች ሎሃቸውን አቅፈው ሸኻቸው ፊት ቁርኣን ይቀሩ ነበር። እኛ በግዕዝ፣ እነሱ በዓረብኛ፤ ትርጉሙን ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም ነበር። ገበያ ላይ ስንገናኝ የምንጫወተው በኦሮምኛ ነው። በልጅነታችን ማንም ከማንም አላነጻጸረንም። አሁን ሳስበው የሁለታችንም መምህራን አንድ ነገር ያምኑ ነበር፦ ድምፁ ይቅደም፣ ትርጉሙ ይከተላል።

የኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ከንባብ ቤት በኋላ ዜማ፣ ቅዳሴ፣ ቅኔ፣ በመጨረሻም መጽሐፍ ቤት አለ፤ ትርጉሙ የሚፈታው እዚያ ነው። ስመ ጥሮቹ ጉባኤ ቤቶች ግን ዋሸራ፣ ዋድላ፣ ቤተልሔም፣ ጎንደር ናቸው። ጎጃም ላለ ልጅ የአንድ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ጎባ ላለ ልጅ ግን አኮፋዳ አንግቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ የሚደረስበት ሌላ ዓለም ነው። ስለዚህ ለአብዛኞቻችን መሰላሉ ዳዊት ላይ ቆመ። ዳዊት ደገምኩ ተብሎ ቤታችን ድግስ ተደገሰ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ የኔታ መረቁኝ፤ በመስከረም አስኳላ ገባሁ።

ያ ዳዊት ተራ መጽሐፍ አልነበረም። በ1513 (እ.ኤ.አ.) ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ በኢትዮጵያውያን መነኮሳት እየታገዘ ሮም ላይ ያሳተመው፣ የመጀመሪያው የግዕዝ ሕትመት ይኸው መጽሐፍ ነው። የጎባ ልጅ በስንደዶ የነካካው ነገር በአውሮፓ የምሥራቅ ቋንቋ ሊቃውንት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ያህላል። 150ው መዝሙር በ10 በ10 ተከፍሎ 15 ንጉሥ ይባላል፤ እኔ አሥራ አምስቱንም ንጉሥ ሳልሳሳት እወጣው ነበር።

ባለፈው ወር የእኅቴ ልጅ በቪዲዮ ደውላ ልጇን አቀረበችልኝ። ማሙሽ የላቲን ግሱን ዘረዘረልኝ፤ አሞ፣ አማስ፣ አማት። ዜማው አሜሪካዊ ቢሆንም አካሄዱ የየኔታ ነው። ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅሁት፤ ሳያቅማማ ነገረኝ። አጎቴ አንተስ አለኝ። እኔ የመዝሙረ ዳዊት የመጀመሪያዋ ቃል፣ ከመዝሙር አንድ አናት ላይ የተጻፈችው «ፍካሬ»፣ ትርጓሜ ማለት መሆኗን ያወቅሁት በ40 ዓመቴ፣ አዲስ አበባ፣ መዝገበ ቃላት ገልጬ ነው።