ከዛር ቤት እስከ ስልክ፦ ወደ ሌላ ዓለም የመሻገር ልማድ ታሪክና የአእምሮ ጤና

ሰው ከራሱ ወጥቶ ወደ ሌላ ዓለም የሚሻገርባቸው፣ ወይም የሌላ ዓለም ፍጥረት የሚያድርበት ልማዶች በኢትዮጵያ ረጅም ዕድሜ አላቸው። በሰሜን ዛር፣ በሲዳማ ሸይጣና ይባላል። ሁለቱ ሐዋሳ ላይ ተገናኝተዋል። በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ያለችው ቡሹሎ የሲዳማ ገበሬዎች አገር ነበረች። ሐዋሳ ከተማ በ1952 ዓ.ም. በራስ መንገሻ ሥዩም ከተቆረቆረች በኋላ ጡረታ የወጡ ወታደሮች፣ ነጋዴዎችና ሠራተኞች ከየአቅጣጫው መጥተው ሰፈሩባት፤ እያንዳንዱም የአገሩን እምነት ይዞ መጣ።

በቀድሞው የሲዳማ እምነት ወደ ሌላው ዓለም የሚያደርሰው ዋና መንገድ ሕልም ነበር። የሞተ አባት በልጁ ሕልም እየመጣ ምግብ ወይም የእርድ ደም ይጠይቃል፤ ልጁም የተጠየቀውን ያቀርባል። ሕልሙን ያየው ሰው ብቻውን አይተውም፤ ለሽማግሌዎች ይነገራል፣ ይመረመራል። ከዚህ የተለየው የሸይጣና ልማድ ከጎረቤት ሕዝቦች እንደገባ እ.ኤ.አ. በ1966 ጥናታቸውን ያሳተሙት ጆን እና አይሪን ሃመር ጽፈዋል። መንፈሱ የያዘው ሰው ስጦታ ይጠይቃል፣ ትኩረት ያገኛል፣ በአዘቦቱ ቀን ሊናገር የማይደፍረውንም በመንፈሱ አፍ ይናገራል። ኖርዌጂያዊው የሥነ ልቦናና የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ያን ብሮገር ደግሞ በሲዳማ ባደረገው ጥናት ልማዱን ከታመቀ ቁጣ ጋር አያይዞ ተመልክቶታል።

ስለ ዛር የተጻፈው ከዚህ ይበልጣል። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ውስጥ ለወራት ተቀምጦ መልካም አየሁ የምትባል የታወቀች ባለዛር ቤት እየተመላለሰ ያየውን መዝግቧል። ሥርዓቱ በአብዛኛው በማታ ነው። ምክንያቱ ባልታወቀ ድካም፣ በመካንነት፣ ወይም ሰው በመጥላት የተያዘች ሴት በቤተሰብ ታጅባ ትመጣለች። ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ከበሮ ይመታል፣ ይጨበጨባል። ሴትዮዋ ጉሪ ስትል፣ አንገቷን እያሽከረከረች ራሷን ስትስት፣ ባለዛሯ መንፈሱን ታናግረዋለች፦ ስሙን፣ ወገኑን፣ የሚፈልገውን ትጠይቀዋለች። ዛሩ ሽቶ ይላል፣ ቀለበት ይላል፣ ቀለሙ የተለየ ዶሮ ይላል። ቃል ሲገባለት ይለቃል። የዛሩ ፈረስ የተባለችው ሴት ወደ ራሷ ተመልሳ ቡናዋን ትጠጣለች፤ የሆነውን አላስታውስም ትላለች።

ዛሮች ከየት መጡ ለሚለው በሰፊው የሚነገር ተረት አለ። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት፤ እግዚአብሔር ሊቆጥራቸው ሲመጣ የሚያማምሩትን 15ቱን ደበቀች፤ የተደበቁት እንደተደበቁ ቀሩ። በዚህ አስተሳሰብ ዛርና ሰው ወንድማማች ናቸው፤ ስለዚህ መንፈሱን ማባረር ሳይሆን ማስታረቅ የባለዛሩ ሥራ ነው። አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግ እ.ኤ.አ. በ1958 የዛርን ጉባኤ የቡድን ሕክምና ብሎ የጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። በባሏ ቤት ድምፅ ያልነበራት ሴት በዛሩ አፍ ትደመጣለች፤ ከሥርዓቱ በኋላም የሚያውቋትና የሚጠይቋት ባልንጀሮች ታገኛለች።

ልማዱን ግን ማስዋብ አይገባም። አባልነቱ የዕድሜ ልክ፣ ግብሩም የማያቋርጥ ነው፤ ስንቱ ቤት በዛር ጥያቄ ተራቁቷል። የሚጥል በሽታ ወይም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰውም ዛር አለበት ተብሎ ዓመታት ያለ ሕክምና ሊያልፉበት ይችላል። ራስን መሳት ለሌሎች ጥቅም የዋለበት ጊዜም ነበር። በሌባ ሻይ ሥርዓት አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ናላው ሲዞር እየተከተሉ ሌባ ይፈልጉ ነበር፤ ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ተጠያቂ ይሆናል። ይህ አሠራር እስኪከለከል ድረስ መንግሥት የሚያውቀው ነበር። የጠጣው ነገር በልጁ አእምሮ ላይ ስላደረሰው ጉዳት የተጨነቀ ሰው ስለመኖሩ ግን ብዙም አይነገርም።

ተቃውሞም አልጠፋም። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጠንቋይና መናፍስት አምላኪ የተባሉትን በጽኑ አሳድደዋል። ቤተ ክርስቲያን መንፈሱን በጸበልና በጸሎት ታስወጣለች። በሲዳማ ደግሞ ከ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አካባቢ ጀምሮ የኖርዌይ ሉተራን ሚስዮን፣ ቀጥሎም የካቶሊክ ኮምቦኒ ሚስዮናውያን ሥራ ሲጀምሩ የመንፈስ ጉዳይ መልኩን ቀየረ። አዲሱ ትምህርት ከመንፈስ ጋር መታረቅን አይቀበልም፤ መንፈሱ መውጣት አለበት። ክሊኒክና ትምህርት ቤት ይዘው የመጡትም እነዚሁ ሚስዮናውያን ናቸው። ቡሹሎ ላይ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የምታስተዳድረው ጤና ጣቢያ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው።

ዘመናዊው የአእምሮ ሕክምና በዝግታ ነው የተከተለው። በጣሊያን ወረራ ዓመታት የተቋቋመው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። ሆላንዳዊው ሐኪም ሮበርት ጊል ከባልደረቦቹ ጋር ጊዮን (ወሊሶ) ላይ በእምነት መፈወስንና በመናፍስት መያዝን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1968 አሳተመ። የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና አማኑኤል ላይ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሠልጠን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ቡታጅራ ላይ 68,378 ሰዎች ሲመረመሩ ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። እነዚህ ሰዎች ምንም እርዳታ አልፈለጉም ማለት አይደለም፤ ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጸበል፣ ወደ ጸሎት ቤት ወይም ወደ አዋቂ ነውና።

የዛር ጉዳይ ከአገር ሲወጣ ሌላ ጥያቄ አስነሣ። ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን በዛር ሲያዙ የዚያ አገር ሐኪሞች በሽታ ነው ወይስ ባህል ብለው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጽሑፎችን አሳተሙ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ዛርን በስም ጠቅሶ ከባህል ጋር ከተያያዙ ሁኔታዎች መደበው። ዓለም አቀፉ የበሽታዎች መዝገብ የሚከተለው መለኪያ ጠቃሚ ነው፦ በመንፈስ መያዝ እንደ ሕመም የሚቆጠረው ከሰውየው ፈቃድ ውጭ ሲሆን፣ ማኅበረሰቡ ከሚቀበለው ሥርዓት ሲያፈነግጥና ጭንቀት ወይም የኑሮ መናጋት ሲያስከትል ነው።

ወደ ሌላ ዓለም የመሻገር ነገር ግን በዛር አልቆመም፤ እ.ኤ.አ. በ2020፣ የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወጣቶችን ቤት በዘጋባቸው ጊዜ፣ ሺፍቲንግ የሚባል ልማድ በቲክቶክ ተስፋፋ። ወጣቱ የሚፈልገውን ዓለም በዝርዝር ይጽፋል፤ አንዳንዱ የሃሪ ፖተርን ትምህርት ቤት ይመርጣል። ከዚያ በጀርባው ተኝቶ እየቆጠረና ለራሱ ቃላት እየደጋገመ ወደዚያ ዓለም ለመሻገር ይጥራል። ብዙዎቹ ሄድን የሚሉት በእውነት እንደሆነ ያምናሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤሊ ሶመር ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመው ጽሑፍ ነገሩን ከጥልቅ የቀን ሕልም፣ ራስን በሐሳብ ከማፍዘዝና ሕልም መሆኑን እያወቁ ከማለም ጋር አመሳስሎታል። ከልክ ያለፈ የቀን ሕልምን እ.ኤ.አ. በ2002 ስም የሰጠውም ይኸው ሶመር ነው። ሺፍቲንግ በራሱ በሽታ ተብሎ አልተመዘገበም፤ ለብዙው ወጣትም አልፎ የሚሄድ ጨዋታ ነው።

አደጋው ከዛር ቤት ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ዛር ሰዓት አለው፣ መሪ አለው፣ አጨብጫቢ አለው፤ መንፈሱ ካልለቀቀ ጉባኤው አይበተንም። ሺፍት የሚያደርገው ወጣት ግን ሌሊት፣ ብቻውን፣ በሩን ዘግቶ ነው። ቶሎ ተመለስ የሚለው የለም፤ በስልኩ የሚያገኛቸው ጓደኞቹ እንዲያውም ረዘም አድርገህ ቆይ ይሉታል። ካልተሳካለት ጥፋቱ የእምነቱ ማነስ ነው ይባላል፤ እንቅልፉን አጥቶ እንደገና ይሞክራል። እንቅልፍ ማጣት ብቻውን አካባቢን የሕልም ያህል እንግዳ ሊያስመስል ይችላል፤ ልማዱ ግን ይህን ስሜት የመቃረብ ምልክት ያደርገዋል። ከሁሉም የሚያሰጋው ጨርሶ ወደዚያ ሄዶ አለመመለስ ይቻላል የሚለው አስተሳሰብ ነው፤ ሕይወቱን ለጠላ ወጣት ይህ ራስን ከማጥፋት ሐሳብ ብዙም አይርቅም። ስኪዞፍሬኒያን የመሰሉ ሕመሞች በአብዛኛው ከ20 ዓመት ዕድሜ ዙሪያ ስለሚጀምሩ፣ ድምፅ መስማትና ከሰው መሸሽ የመሻገር ውጤት ተብሎ ከታለፈ ሕክምናው ይዘገያል።

አሮጌውን ሥርዓትና ሕክምናን ማገናኘት እንደሚቻል ኢትዮጵያ ውስጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 በወቅቱ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ታማሚዎች መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር እንዲወስዱ በይፋ ተናገሩ። በእንጦጦ ማርያም ጸበል ደግሞ የአእምሮ ሐኪሞች ከካህናት ጋር ተስማምተው ክሊኒክ አቋቋሙ፤ ታማሚው ጸበሉን ሳያቋርጥ መድኃኒቱን ይወስዳል። በዚህ ዓይነት አሠራር ሐኪሙ ስለ መንፈሱ መኖር አለመኖር ከቤተሰብ ጋር አይከራከርም። የሚጠይቀው ታማሚው ይተኛ እንደሆነ፣ ይበላ እንደሆነ፣ ሁኔታው በፈቃዱ መጥቶ በፈቃዱ የሚሄድ እንደሆነና ትምህርቱን ወይም ሥራውን ትቶ እንደሆነ ነው። የቡሹሎ ነዋሪ እነዚህን ጥያቄዎች ሩቅ ሳይሄድ፣ እዚያው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ባለው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሊጠየቅ ይችላል፤ የስልኩን ዓለም ጉዞ የሚናገር ወጣት ሲመጣም ጥያቄዎቹ እነዚሁ ናቸው።