ብሪጋዲየር ዳንኤል ሳንድፎርድ፦ ከካርቱም እስከ ሙሎ

የጦርነትን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያተኩረው በድሉ ዕለት ላይ ነው። ከድሉ አስቀድሞ በትዕግሥት የተሠራው ሥራ ግን ከአንድ ገጽ በላይ እምብዛም አይጻፍለትም። ዘርን በአንድ ዓመት፣ ፍሬን ከብዙ ዓመት በኋላ ማየት የለመድን መምህራን፣ እንዲህ ያለውን ሥራ ለሠሩ ሰዎች ተገቢውን ስፍራ መስጠት ይገባናል። ከእነዚህም አንዱ ብሪጋዲየር ዳንኤል ሳንድፎርድ ናቸው።

ሳንድፎርድ በ1874 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተወለዱ። የመድፈኛ መኮንን ሆነው በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጀግንነት ተዋግተው ተሸልመዋል። ከዚያ ጦርነት በኋላ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ክርስቲን ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን በሙሎ እርሻ መሥርተው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ትዳራቸውን ትተው ወደ አገራቸው ለመመለስ ተገደዱ። አማርኛችንንና የሕዝቡን ጠባይ ግን ይዘው ሄዱ፤ ይህም ዕውቀት ኋላ ከብዙ ጠመንጃ የበለጠ ጠቀመ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ጄኔራል ዌቭል ሳንድፎርድን ወደ መካከለኛው ምሥራቅ አስጠርተው የኢትዮጵያን ጉዳይ እንዲያጠኑ አደረጉ። ሥራቸውም ካርቱም ላይ ተሰናዳ። በሰኔ 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ ወደ ጦርነቱ ስትገባ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ሱዳን መጥተው ከካርቱም ወጣ ብሎ በሚገኝ ቤት ተቀመጡ። ይሁን እንጂ የሱዳን ሹማምንት በደስታ አልተቀበሏቸውም፤ በእጃቸው የነበረው ጦር ጥቂት ስለ ሆነና ጠላት ካሰላን ስለ ያዘ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መምጣት ሌላ ጥቃት ያስከትላል ብለው ሠጉ። ስለዚህ አርበኞች በርግጥ ጸንተው እየተዋጉ መሆናቸውን በስፍራው ተገኝቶ የሚመሰክር ሰው አስፈለገ።

ኮሎኔል ሳንድፎርድ ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. «ሚሲዮን 101» የተባለውን ጓድ እየመሩ ድንበሩን ተሻገሩ። ዕድሜያቸው 58 ነበር። ጊዜው ክረምት፣ ወንዙ ሙላት፣ መንገዱ ጭቃ፣ አገሩም በጠላት ምሽግ የተከበበ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ወኪል አዛዥ ከበደ ተሰማም አብረዋቸው ነበሩ። ጓዱ ጎጃም በደረሰ ጊዜ ያገኘው ሕዝብ ነፃነቱን ከእንግዳ የሚለምን ሳይሆን አራት ዓመት ሙሉ በገዛ ደሙ ሲከላከል የቆየ ሕዝብ ነው። የሳንድፎርድ ትልቁ ሙያም ይህን መገንዘባቸው ነው። ለማዘዝ ከመቸኮል ይልቅ ሰሙ፣ መከሩ፣ አስታረቁ። በ1933 ዓ.ም. መባቻ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ያለፈውን ቅሬታ ትተው በአንድነት ለመሥራት ተስማሙ።

ከሰከላ በሬዲዮ ይላኩ የነበሩት ወሬዎች ካርቱም ላይ አሳብን ለወጡ። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ የጦር ሚኒስትር ኤደን፣ ጄኔራል ዌቭልና የደቡብ አፍሪካው ስመትስ በዚያው ከተማ ተሰብስበው ለአርበኞች የሚሰጠው እርዳታ እንዲጨመር ቈረጡ። ከዚያ በኋላ የጦሩ አዛዥነት ለዊንጌት ተሰጠ፤ በሁለቱ ሰዎች መካከልም የአሳብ ልዩነት አልጠፋም። ሳንድፎርድ ግን በንጉሠ ነገሥቱ አማካሪነት ሥራቸውን ቀጠሉ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ የኢትዮጵያን መሬት ረገጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ገቡ።

ከድሉም በኋላ ሌላ ፈተና ነበር። የእንግሊዝ የጦር አስተዳደር ሥልጣኑን በአገራችን ላይ ለማስፋት በሞከረበት ወቅት፣ ሳንድፎርድ እንግሊዛዊ ሆነው ሳለ የኢትዮጵያን ነፃ መንግሥትነት ደግፈው ቆሙ። ለወዳጅ ጀርባውን ሰጥቶ ጠላትን ከመግጠም ይልቅ፣ በወገን መካከል ቆሞ እውነትን መናገር ይከብዳል፤ ታማኝነታቸው በይበልጥ የታየው በዚህ ነው።

በቤታቸውም እንዲሁ ነበሩ። አገልግሎታቸውን ሲፈጽሙ ወደ ሙሎ ተመልሰው በእርሻቸው ተቀመጡ። ወይዘሮ ክርስቲንም ስለ ኢትዮጵያ መጻሕፍት ጻፉ፤ በጥቂት ሕፃናት የጀመሩትም ትምህርት ቤት አድጎ ዛሬ በአዲስ አበባ በሳንድፎርድ ስም ይጠራል። ሳንድፎርድ በጥር 1964 ዓ.ም. በ89 ዓመታቸው ዐረፉ።

ለተማሪዎቻችን ይህን ታሪክ ስናስተምር ሁለት ስሕተት እንዳይገባን እንጠንቀቅ። ነፃነታችንን የሰጠን ባዕድ ነው ማለት የአርበኞችን ደም መርሳት ነው፤ የወዳጅን ውለታ መካድም ነውር ነው። ሳንድፎርድ ራሳቸው ከጎጃም ወደ ካርቱም የላኩት ምስክርነት አርበኞችን የሚያስቀድም ነበር። እኛም እርሳቸውን ስናስታውስ ያንኑ ቅደም ተከተል እንጠብቅ፤ የሠሩትም ሥራ የሚከበረው በዚህ ነው።