አንድ ስም ለሦስት

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን ስለ አንድ ስም ነው። አንዲትን የአዲስ አበባ እናት «ላሊበላ መጣ» ብትሏት፣ ጎህ ሳይቀድ በር ላይ ቆሞ የሚያዜመው ሰው ነው የሚታወሳት። «ለገና ላሊበላ ልሄድ ነው» ካላችኋት ግን ሐሳቧ ወደ ሰሜን ወሎ ይሻገራል። ንጉሡም፣ ከተማዋም፣ በር ለበር የሚያዜመውም በአንድ ስም ይጠራሉ።

ከንጉሡ እንጀምር። ገድሉ እንደሚተርከው፣ ገና ሕፃን ሳለ የንብ መንጋ መጥቶ ሰፈረበት፤ እናቱም ይህን አይታ ላሊበላ አለችው። ገድሉ ስሙን «ንብ ጸጋውን ዐወቀች» ብሎ ይፈታዋል። ሌላ ፍቺም በሰፊው ይነገራል፤ «ላል» ማር ነው፣ ላሊበላ ማለትም «ላል ይበላል»፣ ማር ይበላል ማለት ነው ይባላል። ይህኛው ለጆሮ ይጥማል፤ እኔን ብትጠይቁኝ ግን አማርኛ ከተስፋፋ በኋላ የተበጀ ይመስለኛል። ላሊበላን ጨምሮ የዛግዌ ነገሥታት አገው ነበሩ። ከአገው ቋንቋዎች አንዱ የሆነው ብሌን ንብን «ላኽላ» ይላታል፤ ስለዚህ ከማሩ ይልቅ ወደ ንቧ ማዘንበል ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ይህንኑ የንብ ታሪክ ሰምቶ ጽፏል። ለእሱ የተነገረው ትርጉም ግን «ተአምር» የሚል ነው። በነገራችን ላይ፣ ይህ ሰው ስለ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሲጽፍ አገሬ ውሸታም ይለኛል ብሎ ፈርቶ፣ ያየው እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ምሎ ነው ያለፈው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። ትርጉሙ ከተራኪ ተራኪ ቢለያይም ንቧ ከገድሉም ከእንግዳውም መጽሐፍ አልጠፋችም።

ንጉሡ ሲነግሥ የተጠራው ገብረ መስቀል ተብሎ ነው። ከተማዋም ያን ጊዜ ላሊበላ አትባልም ነበር፤ ሮሃ ነበረች። ዓረቦች ኤዴሳን፣ የዛሬይቱን የቱርክ ከተማ ኡርፋን፣ «ሩሃ» ይሏት ስለነበር የላስታዋን ሮሃ ከእሷ የሚያገናኙ የታሪክ ሰዎች አሉ። ሩቅ አይደለም፤ በዚያው ቅጥር ጎልጎታና ደብረ ሲና አሉ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ መካከልም ዮርዳኖስ ይወርዳል። ከቅድስት አገር ስም ማምጣት ለላስታ እንግዳ አልነበረም። የኋላ ኋላ ግን የንጉሡ ስም የከተማዋን ስም ዋጠው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1978 አብያተ ክርስቲያናቱን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የጻፈው ላሊበላ ብሎ ነው።

ሦስተኛው ላሊበላ ከሁሉም ይልቅ ሰሚ ያጣ ነው። በአንዳንድ አገር ሐሚና ይባላል። ዶሮ ሲጮኽ ይነሣል፤ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው ነው የሚወጡት፣ እሱ ያወጣል እሷ ትቀበላለች። ከማዜሙ በፊት ግን ሥራ አለበት፦ የቤቱን ባለቤት ስም፣ የልጆቹን ስም ከጎረቤት ይጠይቃል። ከዚያ በስም እየጠራ ያወድሳል፤ የሰጠውን ይመርቃል፣ የነሣውን በዘፈኑ ይሸነቁጣል። ካላዜምን ቁምጥና ይይዘናል የሚል ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ እምነት አለ፤ ስለዚህ ጥሪት ያለው እንኳ በዓመቱ ወጣ ብሎ ይመለሳል ይባላል። ሰው ይህን እንደ ልመና ብቻ ሲቆጥረው ይቆጨኛል። በአንድ ሌሊት የሰፈር ሰው ሁሉ ስም በቃሉ ይዞ፣ በዜማ አስማምቶ የሚያወርድ ባለሙያ ነው።

አድማጮቻችን፣ ነገ ሌሊት ላሊበላ በራችሁ ላይ ቢያዜም፣ ከመመረቃችሁ በፊት አገሩ ወዴት እንደሆነና ዜማውን ከማን እንደተማረ ጠይቁት። ያላችሁንም ስጡት።