አብሮ መማርን ማስተማር፤ ከየኔታ ደጅ እስከ ዛሬው ክፍል

አንድ ሕፃን ወደ ትምህርት ቤት በሚገባበት ጊዜ ፊደልና ቁጥር ብቻ አይጠብቁትም። ተራ መጠበቅ፣ ፈቃድ መጠየቅ፣ ያልገባውን ያለ ፍርሃት መናገር፣ ከጓደኛው ጋር ተጣልቶ መታረቅ፣ እንግዳውን ልጅ ወደ ጨዋታው ማስጠጋት የዕለት ተዕለት ሥራው ይሆናሉ። እነዚህን ችሎታዎች ልጁ ከቤቱ ይዟቸው እንደሚመጣ አድርጎ መገመት የተለመደ ነው። የሀገራችን የትምህርት ታሪክ ግን በየዘመኑ በአንድ ዓይነት መንገድ ሲሰጡ እንደ ኖሩ ያመለክታል። ይህ አጭር ጽሑፍ ያን መንገድ ተከትሎ፣ ዛሬ ለመምህሩና ለትምህርት ዕቅድ አውጪው የሚጠቅመውን ለመለየት ይሞክራል።

በቄስ ትምህርት ቤት ልጆች ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያም ወደ መልእክተ ዮሐንስና ወደ ዳዊት ይሸጋገሩ ነበር። መምህሩ አንድ፣ የልጆቹ ደረጃ ግን ልዩ ልዩ በመሆኑ፣ ቀድሞ የለየው ልጅ ኋላ የመጣውን ያስቆጥራል። በዚህ አሠራር ሕፃኑ ከፊደሉ ጋር ሌላም ነገር ይማራል፤ ከታላቁ መቀበልን፣ ለታናሹ መታገሥንና ተራውን መጠበቅን ያውቃል። በቁርአን ቤትም በሉሕ ላይ የተጻፈውን ቀድሞ የያዘው ተማሪ ጀማሪውን ይረዳ ነበር።

ልጁ ለከፍተኛው ትምህርት ከወላጆቹ ርቆ የቆሎ ተማሪ በሚሆንበት ጊዜ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ በየደጁ የሚለምን ተማሪ የሰው ፊት ማየትንና በትሕትና መናገርን ካልቻለ ጦሙን ያድራል። ያገኘውን ቁራሽ ከጓደኞቹ ጋር ካልተካፈለ በታመመ ቀን የሚደርስለት ማግኘት ይቸግረዋል። ስለዚህ አብሮ የመኖር ችሎታ በዚያ ሥፍራ የኑሮ ግዴታ እንጂ ተጨማሪ ጌጥ አልነበረም።

ይህ ማለት ግን ጥንታዊው ሥርዓት እንከን አልነበረበትም ማለት አይደለም። አለንጋ የታወቀ የማስተማሪያ መሣሪያ ነበር። የሴቶች ልጆች ቁጥር እጅግ አነስተኛ ነበር። በንባብ ደረጃ ትምህርቱ በቃል በመያዝ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፣ ልጁ ታላቁን ማክበርን በሚገባ ሲማር «አልገባኝም» ብሎ መጠየቅን እምብዛም አይለማመድም ነበር። ዛሬ በየክፍላችን የሚታየው ዝምታ ከፊሉ የዚህ ልማድ ቅሪት ሊሆን ይችላል።

ዘመናዊ ትምህርት በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ተጀምሮ፣ በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትና በሌሎችም እየሰፋ ሲሄድ፣ አሠራሩ ተለወጠ። ተማሪዎች በክፍል ደረጃ ተለዩ፤ ደወልና የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ መጣ። ይህ ለትምህርቱ መስፋፋት ያስገኘው ጥቅም የማይካድ ነው። ይሁን እንጂ ታላቁ ታናሹን የሚያስቆጥርበት ትስስር ላላ። መልካም ጠባይም ግብረ ገብ ተብሎ የራሱ ክፍለ ጊዜ ያለው የትምህርት ዓይነት ሆነ። በ1966 ዓ.ም. ከፈነዳው አብዮት በኋላ ቦታውን የፖለቲካ ትምህርት ያዘው። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ተተካ። በቅርብ ዓመታት በተዘጋጀው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ግብረ ገብ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ክፍሎች ተመልሷል።

አንባቢው እንደሚያስተውለው፣ በእነዚህ ለውጦች ሁሉ ዋናው ጥያቄ «ምን ዓይነት ዜጋ እናፍራ?» የሚለው ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ እርሳሱን ጓደኛው ሲወስድበት ምን ማለት እንዳለበት ማለማመድ ግን በቂ ቦታ አላገኘም። ተማሪው «ትዕግሥት መልካም ነው» ብሎ በፈተና ወረቀት ላይ በትክክል ሊጽፍና ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል፤ ከዚያው ወጥቶ በውኃው ቧንቧ ዘንድ ታናሹን ገፍቶ ቢቀድም ፈተናው ይህን አይመዝንም። የሚጎዳውም ራሱን መከላከልና መናገር ያልቻለው ልጅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከክፍሉ ጥግ ተቀምጦ ይቀራል።

ምክርና ልምምድ የሚለያዩ መሆናቸውን በሌላ ሀገር የተደረገ ጥናትም ያስረዳል። ኦደንና አሸር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ በ3ኛና በ4ኛ ክፍል ካሉት መካከል ጓደኛ የራቃቸውን ልጆች መርጠው፣ በጨዋታ መሳተፍን፣ መተባበርን፣ መነጋገርንና ጓደኛን ማበረታታትን አስተማሩ። ዘዴው ሦስት ደረጃ ነበረው፤ አዋቂው ያስረዳል፣ ልጁ ከእኩያው ጋር ተጫውቶ ይሞክረዋል፣ ከዚያም ሁለቱ ስለ ሙከራው ይወያያሉ። ልጆቹ በክፍል ጓደኞቻቸው ዘንድ ለጨዋታ የመፈለጋቸው መጠን ጨመረ፤ ከዓመት በኋላ በተደረገው ክትትልም መሻሻሉ አልጠፋም።

በሀገራችንም ቢሆን አሮጌው መንገድ በአዲስ መልክ እየተመለሰ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ መደበኛ ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ካካተታቸው ዘዴዎች አንዱ፣ ከፍ ባሉ ክፍሎች የሚማሩ ልጆች የመንደራቸውን ታናናሾች በጨዋታ ለትምህርት የሚያዘጋጁበት «ከልጅ ለልጅ» የተባለው ነው። ከአለንጋው ተለይቶ፣ ሴቶች ልጆችንም አካትቶ ሲሠራበት፣ የየኔታ ደጅ ታላቁን የታናሹ አስቆጣሪ ያደረገበትን ጥበብ ይዞ የመጣ መሆኑ ግልጽ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለሥራችን የሚከተለው ሊወሰድ ይገባል። መምህሩ ከግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ ጥቂት ደቂቃዎችን ወስዶ፣ በዚያው ሳምንት በክፍሉ የታየውን አንድ ችግር፣ ለምሳሌ ፈቃድ መጠየቅን ወይም መታረቅን፣ ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዲለማመዱት ያድርግ፤ ከዚያም ስላደረጉት ያወያያቸው። ዕቅድ አውጪውም ትምህርቱ በፈተና ውጤት ብቻ እንዳይመዘን፣ በመጫወቻ ሜዳና በውኃ ተራ የሚታየው ጠባይ በመምህሩ ምልከታ እንዲመዘገብ ቦታ ይስጥ። የትምህርቱ ስም በየዘመኑ ሊለወጥ ይችላል፤ ከክፍሉ ጥግ የተቀመጠው ልጅ ግን የሚጠብቀው ስሙን ሳይሆን የሚያለማምደውን ሰው ነው።