ተማሪዬን ያሳሳትኩበት የቀጭኔ ጥያቄ

ረዘም ያለ ነገር ስለጻፍኩ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአክሱምን ታሪክ ሳስተምር ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ቀጭኔ እኛ አገር አለች እንዴ?» አለኝ። ይኼ ከአክሱም ጋር ምን አገናኘው ብዬ እየሳቅሁ «እሷ የኬንያ ናት፤ አንተ እዚሁ ጉማሬህን እይ» አልኩት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። የባሕር ዳር ልጅ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ጉማሬ እያየ ነው የሚያድግ፤ ቀጭኔን የሚያውቃት ግን በሥዕል ነው። ልጁ ዝም አለ፣ እኔም ወደ ሰሌዳዬ ዞርኩ።

መልሴ ስህተት ነበር። ይበልጥ የሚያናድደኝ ደግሞ ትክክለኛው መልስ የዚያን ዕለት ስሙን ሰሌዳ ላይ በጻፍኩት ሰው መጽሐፍ ውስጥ መኖሩ ነው።

ሰውየው ኮስማስ ነው። የእስክንድርያ ነጋዴ ሲሆን በአፄ ካሌብ ዘመን፣ 525 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ አዱሊስ ወደብ ላይ ነበር። እኛ መምህራን ከእሱ የምንጠቅሰው የሳሱን ወርቅ ብቻ ነው፦ የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዥ በኩል ሰው እየላከ በሬ፣ ጨውና ብረት በወርቅ ያስለውጥ እንደነበር። ፈተና ላይ ስለሚመጣ እሷን እናስሸመድዳለን። በዚያው መጽሐፍ ስለ ቀጭኔም ጽፏል። ቀጭኔ የምትገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው ይላል (እዚህ ላይ እንኳ አጋኗል)። በቤተ መንግሥቱ አንድ ሁለት ቀጭኔዎች በንጉሡ ትእዛዝ ግልገል ሳሉ ተይዘው፣ ለምደው፣ ንጉሡ እያያቸው ይደሰትባቸው ነበር። ወተት ወይም ውኃ በገበታ ሲቀርብላቸው የፊት እግራቸውን ግራና ቀኝ ካልፈረከኩ በቀር ጎንበስ ብለው መጠጣት አይችሉም ብሎም መዝግቧል።

ይህን የጻፈ ሰው በዓይኑ ያየ ነው። ቀጭኔ ዛሬም በዱር እንዲሁ ነው የምትጠጣ። የአንገቷ አጥንት ብዛት እንደ እኔና እንደ እናንተ ሰባት ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ረዘመ እንጂ ቁጥሩ አልጨመረም። ያ ሁሉ አንገት ታዲያ እግሯን ሳትከፍት መሬት አያደርሳትም። እግሯን ከፍታ ባጎነበሰች ሰዓት አንበሳ ቢመጣባት ቶሎ ተነሥታ መሮጥ ይቸግራታል፤ ስለዚህ የምትፈልገውን ውኃ አብዛኛውን ከግራር ቅጠል ታገኛለች፣ ለቀናትም ሳትጠጣ ትቆያለች። አሥራ አምስት ወር አርግዛ የምትወልደው ቆማ ነው። ግልገሉ ሁለት ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ ዱብ ይልና ብዙም ሳይቆይ በእግሩ ይቆማል።

ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ እዚህ አትፈልጓት፤ የቆላ እንስሳ ናት። ዓባይን ተከትሎ ሱዳን ለወረደ ግን ሰናር አለ። ሳይንስ ለዝርያዋ የመጀመሪያ መገኛ አድርጎ የመዘገበው ቦታ ይኸው ሰናር ነው።

ከዚያው ከሰናር አካባቢ በግልገልነቷ የተያዘች አንዲት ቀጭኔ በጀልባ በዓባይ ወርዳ ካርቱም፣ ከዚያም ግብፅ ገባች። የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለቻርልስ 10ኛ ስጦታ አድርጎ ላካት። የመርከቡን ወለል በስተው አንገቷን አወጡላት፤ ወተት የሚታለቡላት ላሞችም አብረዋት ተሳፈሩ። በ1826 እ.ኤ.አ. ማርሴይ ደረሰች። በሚቀጥለው ዓመት በግንቦትና በሰኔ ያን ሁሉ መንገድ እስከ ፓሪስ በእግሯ ሄደች፣ 880 ኪሎ ሜትር ገደማ! ሕዝቡ ጉድ አለ፤ ሴቶቹ ሳይቀሩ ጸጉራቸውን በእሷ አምሳል ወደ ላይ ቆልለው መሠራት ጀመሩ። እስከ 1845 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ኖራ እዚያው ሞተች። ድልድያችን ላይ ቆመን ቁልቁል የምናየው ውኃ ነው እንግዲህ ቀጭኔዋን ጉዞ ያስጀመራት።

በቆላው የቀሩትስ? እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1861 እ.ኤ.አ. አትባራ ወንዝ ዳር ሰፍሮ (ላዩን እኛ ጓንግ የምንለው ነው) መንጋ ቀጭኔ እያየ በጠመንጃ ይገድል ነበር፤ ያንንም ራሱ በኩራት ጽፎታል። ዛሬ በዚያ በኩል ቀጭኔ የለችም። የዚያችው የሰናሯ ወገን የሆኑት በአገራችን የቀሩት ጋምቤላ ውስጥ ነው፤ ደኅና ብዛት አላቸው ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ይህ ወገን በ2018 እ.ኤ.አ. ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

አንተ ከኋላ ወንበር የጠየቅኸኝ ልጅ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ጨርሰህ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ከደረሰህ፦ አዎ፣ አለች። ያን ቀን ስላሳቅሁብህም ይቅርታ። ጋምቤላ የምትሠሩ ተማሪዎቼ ደግሞ ራሳችሁ ያነሣችሁት የቀጭኔ ፎቶ ካላችሁ ከሥር ለጥፉልኝ፤ የዘንድሮ ክፍሌን ላሳይበት።